አጋር ገጸ ባሕርይ ጨዋታውን እንዳይቀማ

በጠረጴዛ ሚና ጨዋታ (ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው በዳይስ የሚጫወቱት ታሪክ) ላይ ቡድኑን የሚከተል፣ የማንም ተጫዋች ያልሆነ አጋር ገጸ ባሕርይ ካላችሁ፣ በውጊያ ጊዜ የአጋሩን ዳይስ ለአንድ ተጫዋች ስጡ። ታሪኩን የሚመራው የጨዋታ መሪ ጠላትንም አጋርንም ካንቀሳቀሰ ከራሱ ጋር ይዋጋል፤ ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል።

አጋሩ እንደ ተጫዋቾቹ ሙሉ የገጸ ባሕርይ ቅጽ አያስፈልገውም። በአንዲት ካርድ ላይ የመከላከያ ቁጥሩን፣ የሕይወት ነጥቡን፣ አንድ ጥቃትና አንድ ልዩ ችሎታ ጻፉ። ጥቃቱ የሚያደርሰውን ጉዳት በየዙሩ በዳይስ ከመጣል አማካዩን ውሰዱ፦ ባለ 8 ገጽ ዳይስ ሲደመር 2 ከሆነ አማካዩ 6.5 ነው፤ ወደ ታች አውርዳችሁ 6 በሉት። ተራው ካርዱን ከያዘው ተጫዋች ቀጥሎ ይሁን፤ ለብቻው የተራ ዳይስ ሲጣልለት ነው ውጊያው የሚንዛዛው።

ንግግሩና ውሳኔው ግን በመሪው እጅ ይቆይ። አለዚያ ተጫዋቾች የወጥመድ መፈተሻ ያደርጉታል (ያደርጉታልም!)። ስለዚህ ካርዱ ጀርባ ላይ በፍጹም የማያደርገውን አንድ ነገር ጻፉ፤ ለምሳሌ «ወደ ጨለማ ቀድሞ አይገባም»። የሕይወት ነጥቡ ከግማሽ በታች ሲወርድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ጣሉ፤ 1 ወይም 2 ከወጣ ይሸሻል።

እንቆቅልሽ ሲመጣ መልሱን በእሱ አፍ አትናገሩ። የሚያውቀው ካለ ሲጠየቅ ብቻ፣ ያውም ግማሹን ይበል። አጋሮቹ ከሁለት ከበለጡ ትርፎቹ ድንኳኑ ጋ ጓዝ ይጠብቁ።