የፒክአፕ ሞተር ከሌላ ዓመት ሞዴል ሲቀየር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአሮጌ ፒክአፕ ሞተር አውርዶ ከሌላ ዓመት ሞዴል የወጣ ሞተር መግጠም ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ሁለቱም አንድ ስም አላቸው፣ ሁለቱም ናፍታ ናቸው፣ ቡሎኖቹም ይገጥማሉ። ከዚያ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ወር ሁለት ወር ይቆማል። ብዙ ጊዜ የሚያስቆመው ሞተሩ ራሱ አይደለም። ሽቦው፣ የዘይት ኮፓው፣ ፍላይዊሉ (ከሞተሩ ኋላ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት)፣ የነዳጅ መስመሩ፣ በአጠቃላይ ሻጩ «እሱ ቀላል ነው» ብሎ ያለፈው ነገር ሁሉ ነው።

በሲሲ ብቻ መግዛት

«ባለ 3 ሺህ ሞተር ነው» ሲሏችሁ የሲሊንደሮቹን ጠቅላላ ይዘት በሲሲ ነገሯችሁ እንጂ ገና ምንም አልነገሯችሁም። የቶዮታ ሃይሉክስን ናፍታ ሞተሮች ብቻ እንይ። 5ኤል 2986 ሲሲ ነው። 1ኬዜድ 2982 ነው። 1ኬዲም 2982 ነው። በወሬ ሦስቱም «3 ሺህ» ይባላሉ። 5ኤል ግን ቱርቦ የሌለው፣ ፓምፑ ሜካኒካል የሆነ፣ ናፍታና ጥሩ ባትሪ ካገኘ የሚነሳ ሞተር ነው። 1ኬዜድ-ቲኢ ቱርቦ አለው፣ ፓምፑንም ኮምፒውተር ያዘዋል። 1ኬዲ ደግሞ ኮመን ሬይል (ናፍታው ከአንድ የጋራ ከፍተኛ ግፊት ቱቦ በኮምፒውተር ትዕዛዝ የሚረጭበት) ስለሆነ ያለ ኮምፒውተሩና ያለ ሴንሰሮቹ አንዲት ጠብታ አይረጭም። በዚህ ላይ 5ኤል-ኢ የሚባል ፓምፑ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራም አለ። ስሙ ላይ የተጨመረችው አንዲት ፊደል ሙሉ የሽቦ ሥራ ይዛ ትመጣለች።

አንዳንዴ ደግሞ ልዩነቱ ከውጭ ጭራሽ አይታይም። የቼቭሮሌት ሲልቨራዶ 5.3 ሊትር ቤንዚን ሞተር ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1999 የጀመሩት ቀደምቶቹ ክራንክሻፍታቸው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ላይ ባለው ቀለበት ለሴንሰሩ በዙር 24 ምልክት ይሰጣሉ፣ ከ2007ቱ አዲስ ሞዴል ጋር የመጡት ደግሞ 58። ቀለበቱ ያለው ብሎኩ ውስጥ ነው። የ24ቱ ኮምፒውተር የ58ቱን ምልክት አያነብም፣ ስለዚህ ሞተሩ ይዞራል ይዞራል፣ አይነሳም። ያን ጊዜ ያለው አማራጭ ወይ ክራንክሻፍቱን አውጥቶ ቀለበቱን መቀየር፣ ወይ ምልክቱን የሚተረጉም ሳጥን መግዛት፣ ወይ የሞተሩን የራሱን ኮምፒውተር ፈልጎ ማግኘት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሴንሰሩን ማየት ነበረባችሁ፤ በአብዛኛው ጥቁሩ የ24 ነው፣ ግራጫው የ58።

ስለዚህ ብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ኮድ በዓይናችሁ አንብቡ። ሞተሩ የወጣበትን መኪና የሻንሲ ቁጥር ጠይቁ። ሻጩ ሁለቱንም ማሳየት ካልፈለገ እኔ ብሆን ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ትቼው እሄዳለሁ።

ሞተሩን ብቻውን መግዛት

ይሄኛው ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚበላ ይመስለኛል። ኮምፒውተር ያለው ሞተር የምትገዙ ከሆነ ሙሉ ሽቦውን፣ ኮምፒውተሩን፣ ሴንሰሮቹን፣ ኢሞቢላይዘሩን (የስርቆት መከላከያውን) ከነቁልፉ፣ የነዳጅ ፔዳሉ በሽቦ የሚሠራ ከሆነም ፔዳሉን ጭምር ከዚያው መኪና ውሰዱ። ኢሞቢላይዘሩ ቁልፉን ካላወቀው ሞተሩ ወይ ጭራሽ አይነሳም ወይ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፣ እናንተም ፓምፑን ጥፋተኛ አድርጋችሁ ታስፈቱታላችሁ። በብዙ የኮመን ሬይል ሞተሮች እያንዳንዱ ኢንጀክተር ኮምፒውተሩ ላይ የሚመዘገብ የራሱ ኮድ አለው። ኮዱ የተጻፈው ኢንጀክተሩ ራሱ ላይ ስለሆነ ሞተሩ ሳይገባ ፎቶ አንሱት፣ በኋላ በመስታወት ማንበብ ይመጣል።

ሽቦ በመቁረጫ አይወጣም። ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ወረቀት ለጥፋችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ አውጡት። የሁለቱንም ዓመት የሽቦ ንድፍ ሳይዙ ቀለምን ከቀለም ማገናኘት ደግሞ ኮምፒውተር ያቃጥላል፣ ምክንያቱም ቀይ በነጭ የሆነው ሽቦ በሌላኛው ዓመት ሌላ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ወፍራም የኔጋቲቭ ሽቦ መልሶ ማሰርን ብዙ ሰው ይረሳል። እሱ ሲጎድል ሞተሪኖው ይደክማል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያልታሰበ መብራት ይበራል፣ ሰውም በከንቱ ሴንሰር እየገዛ ይቀይራል።

ኮፓ፣ ፍላይዊልና ካምቢዮ

ሁለት ጎማ ብቻ ከሚነዳ ፒክአፕ የወጣን ሞተር አራቱም ጎማ በሚነዳ ፒክአፕ ላይ ስታስገቡ ኮፓው፣ ማለትም ከሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ከፊተኛው ዲፈረንሻል ጋር ሊጋጭ ይችላል። መፍትሔው የድሮውን ኮፓ ማዛወር ነው። ግን ኮፓው ብቻውን አይዛወርም። ዘይት የሚስበው ቱቦ ከኮፓው ጥልቀት ጋር የተሠራ ነው፣ የዘይት መለኪያው ዘንግም እንደዚያው። ኮፓውን ቀይራችሁ ቱቦውን ከተዋችሁት ወይ ወለሉን ይነካና መሳብ ያቅተዋል ወይ ከፍ ብሎ ይንጠለጠልና ዳገት ላይ አየር ይስባል። መለኪያውን ከተዋችሁት ደግሞ ዘይት ሳይጎድል ይጎድላል ይላችኋል፣ ወይም ጎድሎ ሙሉ ነው ይላል። ሦስቱን እንደ አንድ ዕቃ ቁጠሯቸው።

ፍላይዊልና ፍሪሲዮንም እንደዚሁ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። የዲስኩ ስፋት፣ መሐሉ ላይ ያሉት ጥርሶች ቁጥር፣ ሞተሪኖው የሚነክሰው ቀለበት በየዓመቱ ሊለያይ ይችላል። ሞተሩ ከአውቶማቲክ መኪና የወጣ ከሆነ ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ የካምቢዮውን ዘንግ የምትይዘው ትንሿ ኩሽኔታ ላትኖር ትችላለች። ዋጋዋ እዚህ ግባ አይባልም። ስትቀር ግን ዘንጉ ይንቀጠቀጣል፣ ማርሽ ማስገባት ያስቸግራል፣ ቆይቶ ካምቢዮው ይበላል።

አውቶማቲክ ለምትገጥሙ ደግሞ አንድ ነገር አደራ፦ ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ለካምቢዮው የሚያስተላልፈው) እስከ መጨረሻው ካምቢዮው ውስጥ መግባቱን ሳታረጋግጡ ሞተሩንና ካምቢዮውን አታስጠጉ። ክፍተት ሲቀር በቡሎን እየሳቡ የሚያገጣጥሙ አሉ፣ የካምቢዮው የዘይት ፓምፕ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ሁለቱ በእጅ ግፊት ካልገጠሙ ቁሙና ምክንያቱን ፈልጉ።

የድሮ ነዳጅ መስመር ለአዲስ ሞተር

የካርቡሬተር ፓምፕ ግፊት ግማሽ ባር እንኳ አይደርስም። የቤንዚን ኢንጀክሽን በአብዛኛው 3 ባርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ኮመን ሬይል ናፍታ ውስጥ ደግሞ ግፊቱ ከ1000 ባር ያልፋል፣ ዕቃዎቹም በጣም ጠባብ ክፍተት ስላላቸው ለዓመታት ዝገት ያጠራቀመ ሰልባትዮ ሊገድላቸው ይችላል። ሰልባትዮውን አውርዳችሁ እጠቡ፣ ጎማ ቱቦዎቹን ቀይሩ፣ ለአዲሱ ሞተር የተሠራውን ፊልትሮ ግጠሙ፣ የመመለሻ መስመሩም ስፋቱ በቂ መሆኑን እዩ።

ፍሬኑን መርሳት

እዚህ ላይ ሕይወት አለበትና ቀስ ብለን እንየው። የቤንዚን ሞተር ለፍሬን ማገዣው የሚያስፈልገውን ቫኪዩም (አየር የመሳብ ኃይል) ራሱ ይሰጣል። ናፍታ ሞተር አይሰጥም፣ ስለዚህ ቫኪዩም ፓምፕ አለው። በብዙ የቶዮታ ናፍታ ሞተሮች ይህ ፓምፕ ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው ያለው። ዲናሞው ተበላሽቷል ብሎ ፓምፕ የሌለው ዲናሞ የገጠመ ሰው ፍሬኑንም አብሮ አዳክሟል። ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል።

ጉልበቱም አለ። 5ኤል 95 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው፣ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚመጣውን አየር ማቀዝቀዣ) ያለው የሃይሉክስ 1ኬዲ ከ160 ያልፋል። ለመጀመሪያው የተሠራ ፍሬን፣ ራዲያተርና ዲፈረንሻል ሁለተኛውን ከነጭነቱ ይችላል ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው። ኢንተርኩለሩ ራሱ የሚቀመጠው ሞተሩ አናት ላይ ስለሆነ ኮፈኑ ላይ አየር ማስገቢያ ያስፈልገዋል፣ የድሮው ኮፈን ላይዘጋም ይችላል። ልኬቱን ሞተሩ ውጭ ሳለ ውሰዱ።

ውጭ እያለ አለመንካት

የኋላው የዘይት ሲል፣ የውሃ ፓምፑ፣ ቴርሞስታቱ፣ ቺንጊያ ያለው ሞተር ከሆነ የታይሚንግ ቺንጊያው፣ ሞተሩን የሚሸከሙት ሳፖርቶች። ሁሉም ሞተሩ መሬት ላይ እያለ የሰዓታት ሥራ ናቸው፣ ከገባ በኋላ የቀናት። ኮምፕረሽኑንም፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት፣ አሁኑኑ አስለኩ። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ፣ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ወርዶ ከተገኘ ሞተሩን መልሱት።

ቸኩሎ ማስነሳት

ሞተሩ ከወራት በኋላ ሲዞር ዘይት መንገዱ ውስጥ የለም። ናፍታውን አቋርጡ፣ ወይም ቤንዚን ከሆነ ኢንጀክሽኑን ንቀሉ፣ ከዚያ የዘይት ግፊት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙሩት፣ ሞተሪኖውን እያሳረፋችሁ። ቱርቦ ካለው የዘይት መግቢያውን ፈታ አድርጋችሁ ዘይት ጠብ አድርጉበት። ናፍታውን መልሳችሁ አየሩን በእጅ ፓምፕ አስወጡ። ሲነሳ አትጎትቱት፣ በቀስታ ይሙቅ። ራዲያተሩ አየሩን ሲተፋ ውሃው ስለሚወርድ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሙሉበት፣ የመጀመሪያውን ጉዞ ካደረጋችሁ በኋላም የሳፖርቱንና የካምቢዮውን ቡሎኖች እንደገና አጥብቁ።

ወረቀቱስ? ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር የድሮው ነው። የግዢውን ሰነድ ይዛችሁ አዲሱን ቁጥር ለማስመዝገብ ምን እንደሚጠየቅ ለሞተሩ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፣ ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር ከሆነ ደግሞ በነጻ ቢሰጧችሁም አትንኩት።