የእጮኛሞችን የተጋነነ ተስፋ ከሠርጉ በፊት እንዴት መመርመር ይቻላል

እጮኛሞችን የምታማክሩ ከሆነ ምክሩን በጊዜ ጀምሩ። በጥር የሚጋቡ ከሆነ መስከረም ላይ ይምጡ። የአዳራሽ ቀብድ ከተከፈለና የጥሪ ወረቀት ከተበተነ በኋላ የሚመጡ ጥንዶች ጆሯቸው እናንተ ጋር፣ ልባቸው ድግሱ ጋር ነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ከሁሉም ይከብዳል። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጣችሁ «በገንዘብ ጉዳይ ትስማማላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። እኔ ለዓመታት እንዲህ እጠይቅ ነበር። አንድ ጊዜ ጥንዶቹ ተያይተው ፈገግ አሉና «አዎ» አሉኝ፤ አለፍኩት። ዓመት ሳይሞላቸው ተኳርፈው መጡ። እሱ በየወሩ ለእናቱ ገንዘብ መላክን እንደ ግዴታው ያየዋል፤ እሷ ከሠርጉ በኋላ ይቀራል ብላ ጠብቃ ነበር። ሁለቱም አልዋሹኝም። ጥፋቱ የጥያቄዬ ነው፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

አሁን ለየብቻ፣ በተለያየ ክፍል አስቀምጬ አጽፋቸዋለሁ። ለወላጅ በወር ስንት ብር? እናት ታማ ከክፍለ ሀገር ብትመጣ የት ትተኛለች? ሁለቱም ከሥራ አምሽተው ሲገቡ ራት ማን ያቀርባል? «ፍቅር ካለ ሁሉም ይሆናል» የሚል መልስ አልቀበልም፤ ቁጥር ወይም ስም ይጻፉ። ከውጭ አገር የተቀዱ መጠይቆችን አልወድም፤ ስለ እድርና ስለ ታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ አይጠይቁም።

ከዚያ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርጉ። አንድ ቀን የሌሎች ጥንዶችን ወረቀት ስዘረጋ፣ «የት ትኖራላችሁ?» በሚለው ሥር እሱ «ወላጆቼ ግቢ»፣ እሷ «ኮንዶሚኒየም ተከራይተን» ብለው ነበር። 4 ዓመት በእጮኝነት ቆይተዋል። የልጅቷ ጣት መስመሩ ላይ ቆመ። እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ለማስታረቅ አትቸኩሉ፤ ዝም በሉ። ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ለእናንተ ብለው ይስማማሉ፤ ቤታቸው ሲገቡ ይፈርሳል። እነዚያ ልጆች በሦስተኛው ቀጠሮ ራሳቸው ተነጋግረው መጡ፦ አንድ ዓመት ግቢው ውስጥ፣ ከዚያ ኪራይ።

ስለ ንብረት በግምት አትምከሩ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ሆኖ ይቀራል፤ በትዳር ውስጥ የሚገኝ ደመወዝ ግን የጋራ ነው። ሌላ ስምምነት ከፈለጉ ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ ከየወገናቸው 2 ምስክሮች ይፈርሙ። ብዙ ክልሎች የራሳቸው ሕግ ስላላቸው የአካባቢያችሁን አረጋግጡ።

ወረቀቶቹን አትጣሉ። ከሠርጉ 6 ወር በኋላ ጥሯቸውና እነዚያኑ ጥያቄዎች እንደገና አጽፏቸው።