ቤት አይደለችም፣ ጋሪ ናት፦ ተጎታች ማደሪያ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከመኪና ኋላ ታስራ የምትሄደዋን ትንሽ ማደሪያ፣ ተጎታቿን፣ ሠርቼ የጨረስኩ ዕለት ፍራሹ አልገባም አለ። ብርዱን ሙሉ ቨርጂኒያ ጋራዥ ውስጥ ስቆርጥና ስቀባ ከርሜ፣ ያዘጋጀነው ፍራሽ ስፋቱ 54 ኢንች ሆኖ ተገኘ። የተጎታቿ ውስጥ ደግሞ 46 ከግማሽ ነው። ገፋነው፣ አጎበጥነው፣ መሃሉ እንደ ግመል ሻኛ ተነሳ። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ዝምታዋ ነው የባሰው። ደግነቱ ስፖንጅ ስለነበር በዳቦ ቢላ ጎኑን ከረከምኩት።

ስህተቱ የመጣው ከልኬት ነው። ፕላይውድ፣ አገር ቤት ኮምፖርሳቶ የምንለው፣ 4 በ8 ጫማ ሆኖ ይሸጣል። በርካሽ የሚገኘው የተጎታች ሻንሲም ብዙ ጊዜ ልኩ ይኸው ነው። 4 ጫማው 48 ኢንች ነው፤ ያን ሁሉ አለኝ ብላችሁ ስትጀምሩ ሁለቱ ግድግዳዎች ይበሉባችኋል። መጀመሪያ ፍራሹን ግዙ፣ እንጨቱ ቀጥሎ ይቆረጥ።

የማወራው አሜሪካኖች ቲርድሮፕ ስለሚሏት፣ የእንባ ጠብታ ስለምትመስለው ትንሽ ተጎታች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሰዎች በየጋራዣቸው ሲሠሯት ኖረዋል። ውስጧ መኝታ ብቻ ነው። ኩሽናው ከኋላ ነው፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ደጅ ቆማችሁ ታበስላላችሁ።

ትልቁ ስህተት ቤት እየሠራን ነው ብሎ ማሰብ ነው። ያገዘኝ ወዳጄ አገር ቤት ኮንስትራክሽን ላይ የቆየ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን ቱ ባይ ፎር፣ የቤት ግድግዳ የሚቆምበትን ወፍራም እንጨት፣ ጭኖ መጣ። «ይጠንክር እንጂ!» ይላል። ቤት ቢከብድ ምን ቸገረው፣ አይሄድ። ይቺ ግን ጋሪ ናት። 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ፕላይውድ 30 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ የ6 ሚሊሜትሩ 10 ኪሎ ገደማ ነው። ለጣሪያና ለውስጥ ልባስ ቀጭኑ ይበቃል። ሻንሲው ላይ የተለጠፈውን የጭነት ልክ አንብቡ። ከዚያ ቁጥር ላይ ሳጥኑም፣ ፍራሹም፣ ባትሪውም፣ ሽሮው ሳይቀር ይቀነሳል።

ከክብደቱ የሚብሰው ግን የት እንዳረፈ ነው። ኩሽናው ከኋላ ስለሆነ እጃችን ሁሉንም ወደ ኋላ ይወስዳል፤ የውሃ ጀሪካኑን፣ የበረዶ ሳጥኑን፣ ቡታጋዙን። ያኔ አፍንጫዋ ይቀልላል። ሀይዌይ ላይ ፍጥነታችሁ በሰዓት 60 ማይል ሲደርስ ጭራዋን መቁላት ትጀምራለች። ትንሽ ቆይታ መኪናውንም ይዛው ትወዛወዛለች። ደርሶብኛል፤ ላብ በላብ ያደርጋል። እንዲህ ሲሆን ፍሬን ረግጦ መሪ መጠምዘዝ አይደለም። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ።

ልኩ የታወቀ ነው። ከነጭነቷ ከምትመዝነው ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። 400 ኪሎ ከሆነች ከ40 እስከ 60 ኪሎ ማለት ነው። አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣ የምንመዝንባትን የሰው ሚዛን ብሎኬት ላይ አስቀምጡ። ተጎታቿ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳታዘነብል አፍንጫዋን አሳርፉባት። ዕቃውን ሁሉ ጭናችሁ ለኩ፤ ባዶዋን መለካት ራስን መሸወድ ነው። ቀለለ? ባትሪውንና ውሃውን ወደ ፊት አምጡ።

ሌላው ጠላት ውሃ ነው። እዚህ ላይ ሁላችንም ክፍተት በምንደፍንበት ሲልከን ላይ እምነት አለን። ሲልከን ቀለም አይዝም። ሲላቀቅ ደግሞ ሳይታይ ነው፤ ውሃው ከሥሩ ገብቶ እንጨቱ በስውር ይበሰብሳል። ከውጭ ከምንለብጠው አልሙኒየምና ከመስኮቱ ጠርዝ ሥር የሚገባው ቡቲል የሚባለው፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ጥቅል ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ዙሪያውን ተጨምቆ ካልወጣ አልያዘም።

ፕላይውድ ውሃ የሚጠጣው ከፊቱ ይልቅ በጠርዙና በብሎን ቀዳዳው ነው። የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ ከመገጠሙ በፊት ኢፖክሲ ወይም ቀለም ይጠጣ። እኔ የወለሉን ሥር «ማን ያየዋል» ብዬ ዘለልኩት። ጎማው አየው። ከመንገድ የሚያነሳውን ውሃ በሙሉ ወደዚያ ሲረጭ ከርሞ፣ በዓመቱ ጥጉን በካቻቢቴ ብነካው እንደ ዳቦ ገባልኝ።

ውሃ ከውጭ ብቻ አይመጣም። ሁለት ሰው በታሸገ ሳጥን ውስጥ ሲተነፍስ ካደረ ጠዋት ጣሪያው ያነባል። የጣሪያ ፋን ወይም ሁለት ትይዩ መስኮት ይኑራት። ለሙቀት ብሎ ቡታጋዝ ውስጥ ማቀጣጠል ግን ፈጽሞ! ከሰል በተዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን፤ የዚህች ክፍል ደግሞ ከአልጋ አትበልጥም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ግዙ።

መብራቱን ባጭሩ፦ ግራ ፍሬቻ ስታበሩ ሁሉም መብራት አብሮ ከተርገበገበ አምፖል አትቀይሩ። ነጩ ሽቦ የታሰረበትን እዩ። ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ከሆነ ኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገድ የለውም፤ ቀለሙን ፋቁና ባዶ ብረቱ ላይ እሰሩት። ባትሪ ካስገባችሁ ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን።

ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ማሰብም ያስቆጫል። እቤት ለተሠራ ተጎታች ታርጋ የሚወጣበት መንገድ ከስቴት ስቴት ይለያያል። እንጨት ሳትገዙ በፊት ዲኤምቪ፣ ታርጋ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት፣ ጠይቁ። ደረሰኙ በሙሉ፣ የብሎኑ ሳይቀር፣ አንድ ፖስታ ውስጥ ይቀመጥ።

በመጀመሪያው ጉዞ 50 ማይል እንደነዳችሁ ቁሙና የጎማውን ዳዶ እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ የታሰረ ይላላል። በዚያው እጃችሁን ቀስ ብላችሁ የቸርኬው መሃል ላይ አስጠጉ። ለብ ካለ ደህና ነው። ካቃጠለ ኩሽኔታው ወይ ግራሶ አጥቷል ወይ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ሳይፈታ አትቀጥሉ።