የአላስካን የረጅም ዘመን ዓመታዊ የሙቀት ለውጥ ከጣቢያ መዝገብ እንዴት ማስላት ይቻላል

ስለ አላስካ የሙቀት ለውጥ የሚነገሩ ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንዱ ከ1925 ይነሣል፣ ሌላው ከ1949፣ ሦስተኛው ከ1977፤ ሁሉም ከሞላ ጎደል ከአንድ ዓይነት መዝገብ ቀድተው የተለያየ መልስ ያቀርባሉ። ከእነዚህ የትኛውም ውሸት ላይሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ስሌቱ በየደረጃው የሚጠይቀው ምርጫ ነው፤ ስለዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው መመሪያ ከአሠራሩ ይልቅ በምርጫዎቹ ላይ ያተኩራል። በጽሑፉ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ክረምት ሲባልም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ቀዝቃዛ ወቅት፣ በጋ ሲባል ሞቃቱ ወቅት ነው።

በመጀመሪያ ጣቢያ ይምረጡ። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በአጭሩ ኖዋ፣ የጣቢያዎችን ዕለታዊና ወርኃዊ መዝገብ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ የመላው ግዛት አማካይም ከ1925 ጀምሮ ተሰልቶ ይገኛል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ጣቢያዎቹ ጥቂት፣ ግዛቱ ግን እጅግ ሰፊ ስለ ነበረ፣ የቆየውን ክፍል ከአዲሱ ጋር እኩል ማመን አይገባም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፕላን ማረፊያዎች የተደረጉት ምልከታዎች የተሻለ ቀጣይነት ስላላቸው ብዙ ስሌቶች ከ1940ዎቹ መጨረሻ ይጀምራሉ። ጀማሪ ከሆኑ አንድ የውስጥ ጣቢያና አንድ የባሕር ዳርቻ ጣቢያ ጎን ለጎን ይያዙ። ፌርባንክስ ከባሕር ርቃ በሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች ስለ ሆነች ጥር ወር በአማካይ ከዜሮ በታች ወደ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል፣ ሐምሌ ደግሞ ወደ 17 ዲግሪ ይደርሳል። ቀድሞ ባሮው ትባል የነበረችው ኡትኪያግቪክ ግን በሰሜን ውቅያኖስ ዳር የምትገኝ በመሆኗ ዓመቷን በሙሉ የሚገዛው የባሕር በረዶ ነው።

ዓመታዊ አማካይ የሚሠራው ከታች ወደ ላይ ነው። በአሜሪካ ልማድ የዕለቱ አማካይ ማለት የዕለቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል ነው፤ ከዕለታቱ ወሩ፣ ከወራቱ ዓመቱ ይወጣል። (ፀሐይ ለሁለት ወር ያህል በማትወጣበት በኡትኪያግቪክ ክረምት ከፍተኛውና ዝቅተኛው የቀንና የሌሊት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ ሰዓቱን የሚወስኑት ነፋስና ደመና ናቸው።) እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው የጎደለ ወር ነው። በሞቃት አገር አንድ ወር ቢጎድል ስሕተቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ወቅቶቹ እጅግ በሚራራቁበት ቀዝቃዛ ክልል ግን ውጤቱን በእጅጉ ሊያበላሽ ይችላል። ለምሳሌ ዓመታዊ አማካዩ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ፣ የጥር አማካዩ ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ የሆነ ጣቢያ ጥርን ቢያጣና የቀሩት ዐሥራ አንድ ወራት ብቻ ቢካፈሉ፣ ውጤቱ ከዜሮ በታች 0.2 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ያም ማለት አንድ ወር በመጥፋቱ ብቻ ዓመቱ 1.8 ዲግሪ የሞቀ ይመስላል፤ ይህ ደግሞ ብዙ ዐሥርት ዓመታት የወሰደ እውነተኛ ለውጥን የሚስተካከል መጠን ነው።

መፍትሔው ከሙቀቱ ራሱ ይልቅ ከመደበኛው ያለውን ልዩነት መያዝ ነው። የዓለም ሚቲዮሮሎጂ ድርጅት የሚመክረው የሠላሳ ዓመት መደበኛ አማካይ ነው፤ የአሁኑ ከ1991 እስከ 2020 ያለው ሲሆን ለረጅም ዘመን ንጽጽር ከ1961 እስከ 1990 ያለውም ያገለግላል። እያንዳንዱን ጥር ከመደበኛው ጥር፣ እያንዳንዱን የካቲት ከመደበኛው የካቲት ይቀንሱ፤ ዓመታዊውን ልዩነት ከነዚህ ያውጡ። አንድ ወር ቢጎድልም ጉዳቱ በጣም ይቀንሳል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ወራት ከጎደሉ ግን እኔ ዓመቱን መተው እመርጣለሁ።

የአሜሪካ መዝገብ በፋረንሃይት መሆኑም አይዘንጋ። ሙቀትን ወደ ሴልሺየስ ለመለወጥ 32 ቀንሰው በ5 አባዝተው ለ9 ያካፍላሉ፤ የሙቀት ለውጥን ወይም ልዩነትን ለመለወጥ ግን 32 አይቀነስም። የ5.4 ፋረንሃይት ጭማሪ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ይህን የዘነጋ ሰው ጭማሪውን ወደ 15 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይለውጠዋል።

ቀጥሎ የጣቢያውን ታሪክ ያንብቡ። ቴርሞሜትሩ መቼ ተቀየረ? ጣቢያው ከከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከሸለቆ ወደ ኮረብታ ተዛውሯልን? ፌርባንክስን በመሰለ ሸለቆ በክረምት ቀዝቃዛ አየር ከታች ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥቂት ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ጉልህ ልዩነት ያመጣል፣ የከተማዋ የማሞቂያ ሙቀትም ከታች ታፍኖ ይቀራል። ጥርጣሬ ሲኖር የጣቢያውን ልዩነቶች ከጎረቤት ጣቢያዎች ልዩነቶች ይቀንሱ፤ አካባቢው በሙሉ ሲሞቅ በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ርቀት አይለወጥም፣ አንዱ ጣቢያ ብቻውን ሲዛወር ግን ርቀቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ዘሎ እዚያው ይቀራል።

ይህ ምርመራ ራሱ ሊያሳስት እንደሚችል የኡትኪያግቪክ ጉዳይ ያሳያል። በ2017 መጨረሻ የኖዋ የጥራት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የከተማዋን ሙቀት ከጎረቤቶቿ ያለ ልክ ሲርቅ አግኝቶ የመሣሪያ ብልሽት ነው ብሎ ፈረደ፤ የ2017ን በሙሉና የ2016ን የመጨረሻ ወራት ከወርኃዊ ትንታኔው አስወጣቸው። ብልሽት ግን አልነበረም። በመኸር ወራት የባሕር በረዶው ስለ ዘገየ ክፍቱ ውኃ ዳርቻውን አሞቀው፤ ከባሕር የራቁት ጎረቤቶች ያ ሙቀት አልደረሳቸውም። ስለዚህ ዝላይ ባገኙ ጊዜ ለማስተካከል አይቸኩሉ፤ በየትኛው ወር እንደ ታየ ይመልከቱ። የመሣሪያ ወይም የቦታ ለውጥ ብዙውን ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ይከተላል፤ የበረዶ መጥፋት ግን በመስከረም፣ በጥቅምትና በኅዳር ይበረታል።

አሁን የአዝማሚያ መስመሩ፣ ማለትም የመዝገቡን አጠቃላይ አቅጣጫ የሚያሳየው ቀጥ ያለ መስመር፣ ይሠመራል። በኤክሴል ወይም በመሰል ፕሮግራም ዓመታቱን በአንድ ረድፍ፣ ልዩነቶቹን በሌላው አድርገው ስሎፕ (SLOPE) የተባለውን ቀመር ቢጠቀሙ የዓመቱ አማካይ ጭማሪ ይወጣል፤ በ10 ሲባዛ የዐሥርት ዓመት፣ በዘመኑ ርዝመት ሲባዛ የጠቅላላው ዘመን ለውጥ ይሆናል። ሥራው የደቂቃ ነው። የአላስካ ችግር ግን መስመሩ ቀጥ ያለ መሆኑ፣ መዝገቡ ግን ቀጥ ያለ አለመሆኑ ነው። በ1976 አካባቢ የሰሜን ፓስፊክ ውቅያኖስ ከቀዝቃዛ ምዕራፍ ወደ ሞቃት ምዕራፍ ተሻገረ፤ ከአላስካ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባሉት በአሊውሺያን ደሴቶች አካባቢ የሚቀመጠው ዝቅተኛ የአየር ግፊት በረታ፤ ከደቡብ የሚነሣ ሞቃት አየር በክረምት ወደ ግዛቱ ጎረፈ። በአብዛኞቹ ጣቢያዎች ሙቀቱ እንደ ደረጃ ከፍ አለ። ከ1949 እስከ 1975፣ ከዚያም ከ1977 እስከ ምዕተ ዓመቱ መዞሪያ ያለውን ለየብቻ ያሰላ ሰው በየክፍሉ አነስተኛ አዝማሚያ ሊያገኝ ይችላል፤ ሁለቱን ያጣመረ ግን ትልቅ ጭማሪ ያገኛል። የሰሜኑ ዳርቻ ከዝላዩም በኋላ መሞቁን ስላላቋረጠ ከሌሎቹ ይለያል።

ከዚህ ተነሥቶ ሁሉም ነገር የውቅያኖስ ዑደት ነው ማለት ትክክል አይመስለኝም። የፓስፊክ ምዕራፍ ይመለሳል፤ በ2012 ጥር ብዙ የአላስካ አካባቢዎች እጅግ በረዱ። ሆኖም ከ2014 ጀምሮ ሞቃት ዓመታት ተከታትለው መጡ፤ በ2019 የግዛቱ ዓመታዊ አማካይ 32.2 ፋረንሃይት ደርሶ በመዝገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውኃ መቀዝቀዣ ነጥብ በላይ ሆነ። ስለዚህ ስሎፑን አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን መነሻውን እያዛወሩ፣ ከ1925፣ ከ1950፣ ከ1977 እያሉ ያስሉት። መልሱ ከመነሻው ጋር ብዙ ከተለዋወጠ አንዱን መርጦ ከማቅረብ ይልቅ ሁሉንም በሠንጠረዥ ማሳየት የታማኝ ሥራ ነው። ከሠላሳ ዓመት ባነሰ ዘመን ላይ አዝማሚያ መሥመር በዚህ ግዛት ከንቱ ድካም ነው፤ የክረምቱ መዋዠቅ ይውጠዋል።

ዓመታዊው ቁጥር ከወጣ በኋላ በወቅት ይከፋፍሉት። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ክረምት ከዓመት ዓመት እጅግ ይዋዥቃል፣ በረጅሙ ዘመንም ብዙ የሞቀው እርሱ ነው፤ በጋው በአንጻሩ ጠባብ ክልል ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ በመሆኑም አነስተኛ ጭማሪ እንኳ በግልጽ ይለያል። ክረምቱን ሲያሰሉ ታኅሣሥን ከሚቀጥለው ዓመት ጥር ጋር ማጣመርዎን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ የሁለት ክረምቶች ቁርጥራጭ ይደባለቃል።

ውጤቱን ሲጽፉ የጣቢያው ስም፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዓመት፣ የመደበኛው ዘመን፣ የዲግሪው ዓይነት፣ የተተዉት ዓመታትና የተደረገ ማስተካከያ ካለ እርሱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጡ። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ ቢረዝምም ሌላ ሰው ያንኑ መዝገብ አውርዶ ያንኑ ቁጥር እንዲያገኝ የሚያስችለው እርሱ ብቻ ነው።