ሱሪ ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ከደንበኛ ጋር የምንጋጨው አብዛኛውን ጊዜ በዋጋ አይደለም፣ በስም ነው።

ትልቁ ስህተት "ፓንት" ላይ ነው። እኛ ጋ ፓንት የውስጥ ሱሪ ነው፤ እንግሊዝ አገርም እንደዚያው። አሜሪካ ውስጥ ግን ፓንትስ ማለት ራሱ ሱሪው ነው። አንድ ጎረቤቴን ወንድሙ ከአሜሪካ ደውሎ "ፓንትስ ልላክልህ?" ሲለው አፈረና "ኧረ ይቅር፣ እዚህም አለ" አለው። ሰውየው ሊልክለት ያሰበው ጅንስ ነበር። ከውጭ ዘመድ ጋር ስታወሩ ሱሪ በሉ፣ አለቀ።

ሁለተኛው "አንድ ጥንድ ሱሪ" የሚለው ነው። ቴሌግራም ላይ የሚሸጡ ልጆች እንዲህ ይጽፋሉ። እንግሊዝኛው ትራውዘርስን በብዙ ቁጥር የሚጠራው እግሩ ሁለት ስለሆነ ነው፤ በአማርኛ ግን ሱሪ ሁለት እግር ይዞም አንድ ነው። ጥንድ ካላችሁ ገዢው ሁለት ሱሪ ይጠብቃል፣ መጠበቁም ልክ ነው።

ቁምጣን "አጭር ሱሪ" ማለትም ይቅር። ሱሪ ብላችሁኝ ከሄዳችሁ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው የምቆርጠው። የጎጃም ገበሬ አረንጓዴ ቁምጣውን በስሙ ነው የሚያዘው፣ አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም።

"ሱሪ ለበሰ" ስህተት አይደለም። ግን "ታጠቀ" እንዳይጠፋብን እፈልጋለሁ። ከዘጌ የሚመጡ አንድ አባት ሁሌ "የምታጠቀው ሱሪ ስፋልኝ" ነው የሚሉኝ፤ ሱሪ ወገብ ላይ ጠበቅ ተደርጎ የሚታሰር ልብስ መሆኑ ግሱ ውስጥ አለ፣ ለበሰ የሚለው ይህን አይነግራችሁም።

ሰናፊልን ደግሞ የሸሚዝ ዓይነት የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ትንቢተ ዳንኤል 3፥21 ላይ ሦስቱ ወጣቶች ከሰናፊላቸውና ከቀሚሳቸው ጋር ታስረው ወደ እሳት ሲጣሉ፣ ሰናፊል የተባለው ሱሪው ነው።

"ሱሪ በአንገት አውልቅ" የሚለውንም ለማንኛውም ከባድ ሥራ የሚጠቀሙበት አሉ። አይሆንም። ሱሪ የሚወጣው በእግር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አባባሉ የማይቻለውን ነገር በግድ አድርግ ለሚል ሰው ነው። ለሠርግ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ጨርቅ ይዞ መጥቶ "አሁኑኑ ሙሉ ልብስ ስፋልኝ" የሚለኝ ደንበኛ፣ እሱ ነው ሱሪ በአንገት የሚያስወልቀኝ።