የቦርከና ዳር አፈር ለምትመረምሩ፦ እነዚህን አትሳሳቱ

ኮምቦልቻ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ልጆች ከቦርከና ወንዝ ዳር አፈር በላስቲክ ቋጥረው ይመጣሉ። ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁም፣ ቆዳውም፣ ብረታ ብረቱም አለ። ስለዚህ አፈሩ ውስጥ እንደ ክሮሚየም፣ ዚንክና እርሳስ ያሉ መርዛማ ብረቶችን፣ እነሱን የሚቋቋም ባክቴሪያም መፈለጋቸው ልክ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

«ባክቴሪያው መርዙን በላው» አትበሉ። ብረት እንደ ዘይት ተበልቶ አያልቅም። ባክቴሪያ ክሮሚየም 6 የሚባለውን መርዘኛ መልክ ክሮሚየም 3 ወደሚባለው ይለውጣል። ይሄኛው ውሃ ውስጥ ብዙም አይሟሟም፣ መርዝነቱም ያነሰ ነው። ክሮሚየሙ ግን እዚያው አፈሩ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ሁለተኛው የሁላችንም ስህተት ነው፤ አንዷን ጎበዝ ባክቴሪያ ነጥሎ አውጥቶ «ጀግናዋ ይቺ ናት» ማለት። እኔም አንድ ክረምት ሙሉ አጥፍቼበታለሁ። አፈር ውስጥ ያለው እኮ ደቦ ነው! አንዳንዶቹ ሲደሮፎር የሚባል ሞለኪውል ወደ ውጭ ይለቃሉ። ዋና ሥራው አይረን (ተራውን ብረት) መልቀም ቢሆንም መዳብንና ሌሎችንም ውጭ ላይ ይዞ ያስቀራል። ማምረቱ ጉልበት ይበላል፣ ጥቅሙ ግን ለጎረቤት ይተርፋል። ደቦ ባለበት ደግሞ ንፍሮው ሲቀርብ ብቻ ብቅ የሚል አይጠፋም፤ ምንም ሳያመርት በሌላው ልፋት የሚኖር ባክቴሪያ አለ፣ ወጪ ስለሌለበት ቶሎ ይራባል፣ እሱ ሲበዛ የሚለፋው ያንሳል፣ መርዙም ተመልሶ ሁሉንም ያገኛቸዋል።

ታዲያ ሁሉም ለምን አይሰንፍም? አፈር ውስጥ የቅርብ ጎረቤት ብዙ ጊዜ የራስ ዘር ነው። የተለፋበት ነገር ሩቅ ሳይሄድ ለዘመድ ይቀራል። እናንተ ግን አፈሩን በውሃ በጥብጣችሁ ጠርሙስ ውስጥ ስታሽከረክሩት ሰፈሩን አፈረሳችሁት። ውጤቱ የጠርሙሱ እንጂ የቦርከና ዳር አይደለም።

ፎስፌት (ፎስፈረስ ያለበት ጨው) የበዛበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ ላይ እርሳስ ጨምራችሁ «ተቋቋመችው» ማለትም ያስቃል። እርሳሱ ከፎስፌቱ ጋር ተጣብቆ ዘቅጧል፤ ባክቴሪያዋ ጋር መች ደረሰ? ጠቅላላውን የብረት መጠን ብቻ ለክቶ ፒኤች (የአፈሩን አሲድነት) መርሳትም ያው ነው። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ዚንክና ካድሚየም ይበልጥ ይሟሟሉ።

የመጨረሻው፣ «ባክቴሪያ ስላለ አፈሩ ደህና ነው» የሚለው ነው። እንግሊዝ አገር ዎበርን ውስጥ ከ1942 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. የከተማ ፍሳሽ ዝቃጭ የተደፋበት ማሳ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲታይ ብረቱን ችላ የቀረችው ባክቴሪያ የማገጥ ሥር ላይ ኖዱል (የምትኖርበትን ትንሽ እባጭ) ትሠራለች፣ ለተክሉ ግን ናይትሮጅን አትሰጥም። ቤት ተሰጥቷት ኪራይ የማትከፍል በሏት። ስለዚህ ላብራቶሪ ገብታችሁ ፔትሪ ዲሽ (ክዳን ያለው ትንሽ ሳህን) ላይ ባክቴሪያ ከመቁጠራችሁ በፊት ወንዙ ዳር ካለ ማሳ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ አንድ ባቄላ ንቀሉና ኖዱሉን በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ካለ እየሠራ ነው። ነጭ ከሆነ ገና ለጋ እንዳይሆን አበባ እስኪያወጣ ጠብቁና ሌላ ነቅላችሁ እዩ።