ከበግ ጠጉርና ከስንዴ አገዳ ትንንሽ የገና ጌጦች እንዴት እንደሚሠሩ

ገና ሲቃረብ የደሴ ሱቆች በር ላይ የሚንጠለጠለው ጌጥ አብዛኛው የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ነው። ልጆች ይወዱታል፤ እሱን አልነቅፍም። ችግሩ አለመቆየቱ ነው። ጫፉ ይረግፋል፣ ቀለሙ ይለቃል፣ በዓመቱ ደግሞ ሌላ ይገዛል። ባና በሚሸመንበትና ሙዳይ በሚሰፋበት አገር እየኖሩ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ደግሞ ትንሽ ያስቆጫል። ክሩም፣ አገዳውም፣ እጁም ወሎ ውስጥ ሞልቷል።

ከዚህ በታች አምስት ዓይነት ጌጥ አለ። ሁሉንም ሥሩ አልልም። ሁለቱን መርጣችሁ በደንብ ብትጨርሷቸው፣ አምስቱን ጀምራችሁ ከምትተዉ ይሻላል።

የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ ከሠራችሁ ያለ ጥድፊያ ትደርሳላችሁ። ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን 28 ላይ ይውላል። 2020 ዓ.ም. እንደዚያ ነው፤ በዚያ ዓመት አንድ ማታ ቀንሳችሁ አስቡ።

መጀመሪያ ክሩን እወቁት

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ የሹራብ ክር፣ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሁለት የሹራብ መርፌ፣ ዓይኑ ሰፊ የሆነ የጥልፍ መርፌ፣ መቀስ፣ አሮጌ ካርቶን። የተረፈ ክር ካላችሁ አዲስ አትግዙ። ለነዚህ ጌጦች ቁራጭ ይበቃል። ያለቀለት ሹራብም ተተርትሮ ጥሩ ክር ይወጣዋል።

ክሩ እውነተኛ የበግ ጠጉር ይሁን ሰው ሠራሽ መለየት ግን ግድ ነው፤ ከታች ያለው አንዱ ጌጥ ያለ በግ ጠጉር አይሆንም። ባለሱቁ ሁሉንም «ሱፍ ነው» ይላችኋል። ስለዚህ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጣችሁ በወረንጦ ያዙና በክብሪት ለኩሷት። የበግ ጠጉር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱም ቶሎ ይጠፋል፣ የቀረው በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ጥጥ ደግሞ ወረቀት ወረቀት ይሸታል። ይህን ከሕፃናት ራቅ ብላችሁ፣ ውሃ አጠገብ አስቀምጣችሁ አድርጉት።

በደጋው፣ በለጋምቦና በደላንታ በኩል ዘመድ ካላችሁ፣ በእንዝርት የተፈተለ የበግ ጠጉር እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ነጩን፣ ጥቁሩንና ቡናማውን ሳይቀለም እንዳለ ተጠቀሙበት። ከፋብሪካ ክር ይሻክራል፤ ለጌጥ ግን ሸካራነቱ ያምርበታል።

ትንሿ ጋቢ

ሹራብ ሠርታችሁ የማታውቁ ከዚህ ጀምሩ። አራት ማዕዘን ናት፤ የሚጨመር የለም፣ የሚቀነስ የለም።

በቀለም ክር፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ይሁን፣ አንዱ መርፌ ላይ 14 ቀለበት ጀምሩ። ቀለበቱን ለመጀመር ክሩን አውራ ጣታችሁ ላይ አንዴ ጠምዝዙና በመርፌው አንሱት፤ ይኼው ነው። 14 እስኪሞላ ድገሙት። አታጥብቁት። ጀማሪ ሁሉ ያጠብቃል፤ ከዚያ ሁለተኛው መስመር ላይ መርፌው አልገባ ይላል።

አሁን ቀለበት ያለበትን መርፌ በግራ፣ ባዶውን በቀኝ ያዙ። የቀኙን መርፌ በመጀመሪያው ቀለበት ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ አስገቡ። ክሩን የቀኙ መርፌ ጫፍ ላይ ጠምዝዙ። ጫፉን መልሳችሁ ወደ ፊት ሳቡት፤ አዲስ ቀለበት ይዞ ይወጣል። አሮጌውን ከግራው መርፌ ልቀቁት። መስመሩ እስኪያልቅ እንዲሁ ቀጥሉ። ሲያልቅ መርፌዎቹን እጅ አቀያይሩና እንደገና ጀምሩ።

በቀለሙ 4 መስመር ሥሩ። ይኼ ጥለቱ ነው። ክሩን ቆርጣችሁ ነጩን እሰሩና 36 መስመር ሂዱ። ከዚያ ወደ ቀለሙ ተመለሱና 4 መስመር ጨምሩ። በየመሀሉ ቀለበቶቹን ቁጠሩ፤ 13 ከሆኑ አንዱ ወድቋል፣ 15 ከሆኑ አንዱን ሁለት ጊዜ ወግታችኋል። አብሽሩ፣ እጥፋት ውስጥ ይደበቃል።

ለመዝጋት ሁለት ቀለበት ሥሩና የመጀመሪያውን በሁለተኛው ላይ አሻግራችሁ ጣሉት። አንድ ጨምሩ፣ ደግሞ አሻግሩ። መጨረሻ ላይ አንድ ሲቀር ክሩን ቆርጣችሁ በውስጡ አሳልፉና ሳቡት። ወርዷ 7፣ ርዝመቷ 11 ሴንቲሜትር ገደማ ትሆናለች። እጃችሁ ሰፊ ከሆነ ትንሽ ትበልጣለች፤ ምንም አይደል። በሁለቱም ጫፍ አጫጭር ክር አስራችሁ ዘርፍ አውጡላት፣ በቀጭን እንጨት ላይ አጣጥፋችሁ አንጠልጥሏት።

የክር ኳስ

ይህን ለልጆች ስጡ። ከካርቶን ሁለት ክቦች ቁረጡ፤ ስፋታቸው 6 ሴንቲሜትር፣ መሀላቸው ላይ ደግሞ የ2 ሴንቲሜትር ቀዳዳ። ሁለቱን ደርባችሁ ክሩን በቀዳዳው እያሳለፋችሁ ዙሪያውን ጠምጥሙ፣ ቀዳዳው ሊደፈን እስኪደርስ። መቀሱን በሁለቱ ካርቶኖች ጫፍ መካከል አስገብታችሁ ዙሪያውን ቁረጡ። ከዚያ ጠንካራ ክር በካርቶኖቹ መሀል አዙራችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ። ካርቶኑን ቀድዳችሁ አውጡትና ኳሱን አበጥሩ፣ የወጣ የወጣውን በመቀስ አስተካክሉ። ነጭና ጥቁር ክር ቀላቅሎ መጠምጠም ያምራል። ማሰሪያው ከላላ ግን ክሩ ሁሉ ይበተናል፤ እሱን አዋቂ ይሰር።

ሩርና የገና ዱላ

ከአምስቱ እኔ የምወደው ይኼን ነው። ትልቁን የገና ጨዋታ ሜዳ ላይ ያየ ሰው ሁሉ ከሩቅ ሲያየው ይገባዋል፤ ማስረዳት አያስፈልግም።

ለሩሩ፣ በጨዋታው በዱላ ለሚመታው ኳስ፣ የበግ ጠጉር ክር ያስፈልጋል፤ በእሳት የፈተናችሁት ለዚህ ነው። ክሩን አጥብቃችሁ ድቡልቡል አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ ሎሚ እስኪያክል። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከትታችሁ አፉን እሰሩ። እጅ በሚችለው ትኩስ ውሃና በሳሙና አሥር ደቂቃ ያህል በሁለት እጅ መሀል አሹት። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጉት፣ ደግሞ ወደ ትኩሱ መልሱት። ሦስት አራት ጊዜ ስትደጋግሙት ይጠብቃል፣ ያንሳልም። የበግ ጠጉር ላዩ ላይ በዓይን የማይታዩ ቅርፊቶች አሉት። ሙቀት፣ ሳሙናና ፍትጊያ ሲያገኙ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሰው ሠራሽ ክር ይህ የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ብታሹት ያው ክር ነው።

ካልሲውን ቶሎ ቶሎ እየከፈታችሁ እዩ፤ አለዚያ ጠጉሩ ከካልሲው ጋር ይጣበቃል። ሲጠነክር አውጥታችሁ አጥቡና ጥላ ቦታ አድርቁት። እስከ ውስጥ ለመድረቅ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። በደሴ የታኅሣሥ ብርድ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።

ለዱላው የእርሳስ ግማሽ ውፍረት ያለው እርጥብ የወይራ ቀንበጥ ፈልጉ። 15 ሴንቲሜትር ይበቃል። ዛፍ አትቁረጡ፤ ከተገረዘ አጥር ላይ ይገኛል። ጫፉን ፈልቶ በወረደ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት አቆዩትና በቀስታ አጥፉት፣ እንደታጠፈ በሲባጎ እሰሩት። ልጡን ለመላጥ ከፈለጋችሁ ከማጠፋችሁ በፊት ላጡት። ሲደርቅ ሲባጎውን ፍቱ፤ ቆልማማው ይቀራል። ሩሩን በመርፌ ወግታችሁ ክር አሳልፉና ከዱላው ጋር አንድ ላይ አንጠልጥሉ።

የአገዳ ኮከብ

ስንዴ የሚታጨድበት ወቅት ነውና አገዳ ማግኘት አይከብድም። ሳይወቃ መውሰድ ግን ግድ ነው። አውድማ ላይ በሬ ከረገጠው በኋላ ጭድ ነው፤ ለኮከብ አይሆንም። በአንጓዎቹ መካከል ያለውን ለስላሳውን ክፍል 10 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ንከሩት፤ ደረቁን ካጠፋችሁት ይሰነጠቃል።

አራት አገዳ በጥፍር ጠፍጥፉ። ሁለቱን በመስቀል አጋድሙ፣ ሌሎቹን ሁለት በመሀላቸው ጨምሩ፤ ስምንት ጫፍ ይወጣል። መሀሉን በአውራ ጣት ይዛችሁ ቀይ ክር አንዱን አገዳ ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያሳለፋችሁ አንድ ዙር አዙሩና ከኋላ አጥብቃችሁ እሰሩ። ጫፎቹን በመቀስ አሹሉ። ስፌት የምታውቅ እናት ቤት ካለች የተረፈ አለላ፣ ቀለም የተነከረ የስፌት ሣር፣ ጠይቋት፤ በክሩ ፋንታ ቀጭን አለላ ብታዞሩበት ኮከቡ ሌላ መልክ ያወጣል።

የቤተ ጊዮርጊስ መስቀል

ላሊበላ የሄደ ሁሉ ከላይ ሆኖ ያየዋል፤ የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገቡ ሦስት መስቀሎች ተፈልፍለዋል። አራቱም ክንዳቸው እኩል ነው። ይህ ደግሞ ለመስቀል ጥልፍ የተመቸ ንድፍ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው፣ ክብ የለውም።

ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር አምጡ። ጎኑ 27 ካሬ የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩና በ9 በ9 ካሬ ዘጠኝ ቦታ ክፈሉት። አራቱን ማዕዘኖች ተዉአቸው። የቀረው መስቀል ነው። ጠርዙን ብቻ፣ አንድ ካሬ ውፍረት አድርጋችሁ አጥቁሩ። ወደ ውስጥ አንድ ካሬ ባዶ ተዉና ሁለተኛውን መስቀል ጠርዝ አጥቁሩ፤ እሱ ከጫፍ ጫፍ 23፣ የክንዱ ስፋት 5 ይሆናል። እንደገና አንድ ካሬ ተዉ። ሦስተኛው 19 ካሬ የሚረዝም ቀጭን የመስቀል መስመር ሆኖ ይቀራል። ቁጥሩ ካልመጣላችሁ የሆነ ቦታ ባዶዋን ካሬ ዘላችኋታል።

ክሩ በዓይን የሚቆጠር ወፈር ያለ የሸማ ጨርቅ ላይ፣ ለእያንዳንዱ የጠቆረ ካሬ አንድ የኤክስ ቅርጽ ጥለፉ። እያንዳንዱ ጥልፍ 2 ሚሊሜትር ከሆነ ሙሉው መስቀል 5 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ይመጣል። ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ውጭ ሂዱ፤ ከጠርዝ የጀመረ ሰው አንድ ክር ከተሳሳተ መሀሉ አይገጥምለትም። ጨርቁን በዙሪያው ትርፍ ትታችሁ ቁረጡ፣ ተመሳሳይ ጀርባ ስፉለት፣ ውስጡን ባዘቶ ጥጥና ደረቅ ጦስኝ ሙሉት። ጦስኙ ክፍሉን ያውደዋል። ዓይነ ጥሩ ካልሆናችሁ ይህን ማታ በአምፖል አትሞክሩት፤ ቀን መስኮት አጠገብ ይሻላል።

የት ይሰቀሉ?

ለዚህ ብሎ ጥድ መቁረጥ አይታየኝም። ቅርንጫፉ የሚያምር ደረቅ እንጨት በጣሳ ውስጥ በጠጠር አቁማችሁ ብትሰቅሉበት ጌጡ እንዲያውም ጎልቶ ይታያል። የገና ዛፍ የማይወድ ቤት ደግሞ አለ፤ እሱም መስኮት ላይ በሲባጎ ደርድሮ መስቀል ይችላል። ጧፍና ሻማ ግን ከነዚህ ጌጦች ይራቅ። አገዳና ጥጥ እሳት ለመያዝ አይዘገዩም። የክር ኳስና ሩሩንም የሚድሁ ሕፃናት ከማይደርሱበት ከፍታ ላይ አድርጉ፤ አፋቸው ውስጥ መክተታቸው አይቀርም።

ወሎ ነውና ሥራው ላይ የሚቀመጠው ገናን የሚያከብር ብቻ አይሆንም። ሙስሊም ጎረቤታችሁ ሹራብ ላይ እጇ ፈጣን ከሆነ ቡናው ሲፈላ ሦስት ጋቢ ሠርታ ትነሳለች። ለዒድ ደግሞ ተራው የእናንተ ነው።

በዓሉ ሲያልፍ የበግ ጠጉር ያለባቸውን አራግፋችሁ ፀሐይ ላይ አውሏቸው፣ ከዚያ በደንብ በሚታሰር ላስቲክ ከረጢት አስቀምጡ፤ ካልታሰረ ብል ይገባበታል። የአገዳ ኮከቦቹን በካርቶን መሀል ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ለብቻ አኑሩ። ከክሩ ጋር ከተቀላቀሉ በዓመቱ ስትፈቱ ጫፋቸው ይሰበራል።